ተራራውን የመረጠችለት

ነመራ ከሞተ በኋላ ለጥሩአየሁ ሦስት ደብዳቤ ደረሳት።

የመጀመሪያው ጎሬ የገባው በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ጥር ወር መጀመሪያ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ሁለት ቀን ከጉሙ በላይ ዞሮ ዞሮ ሲመለስ ሰንብቶ በሦስተኛው ቀን ሜዳው ላይ አረፈና የፖስታው ከረጢት መጣ። ጥሩአየሁ እንደ ልማዷ ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ የመቱን ለብቻ፣ የበደሌን ለብቻ ስትለይ፣ ከመሐል ያ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ የእጅ ጽሕፈት ብቅ አለ። «ለወይዘሪት ጥሩአየሁ ገብረ መድኅን፣ ፖስታ ቤት፣ ጎሬ።»

አልከፈተችውም። ፊት ለፊቷ አስቀምጣ አየችው። የጻፈው ሰው ከተቀበረ ሁለት ሳምንት አልፎታል።

«ጋሼ ማሙሽ፣ ትንሽ አሞኛል። ልውጣ?»

ጋሼ ማሙሽ የቴሌግራፉ ሠራተኛ ናቸው፤ ጆሯቸው ላይ ያለውን ማዳመጫ አውልቀው አዩዋት። «ሂጂ ልጄ። ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ከቢሮው ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ቀደደችው። ነመራ አጻጻፉ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ሰላምታ ሳያበዛ ወደ ጉዳዩ አይገባም። «የልቤ ጥሩአየሁ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የእኔን ማወቅ ብትፈልጊ እጅግ በጣም ደህና ነኝ» ይላል።

ደህና ነኝ ይላል። ጉሙ ከኮረብታው ሥር ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ዛፎቹን አንድ በአንድ ሲውጥ፣ ጥሩአየሁ ያችን አንዲት መስመር ብቻ ደጋግማ አነበበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉም ሲመጣ ዞር ብላ ከኋላዋ ማየት ልማድ ሆነባት።

*

ነመራ የኖፓ መንደር ልጅ ነው። አባቱ አቶ ደበሳ የሚያርሱት መሬት የጥሩአየሁ አባት የግራዝማች ገብረ መድኅን ነው፤ ቡናው ሲደርስ የመሬቱን ድርሻ በበቅሎ ጭነው እስከ ጎሬ ያመጣሉ፤ ደጃፉ ላይ ቆመውም ግቡ እስኪባሉ ይጠብቃሉ። ልጃቸው ግን ከግራዝማች ልጅ ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተማረ። ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስበትም። ጥሩአየሁ የምታውቀውን ሒሳብ ሁሉ የተማረችው፣ እሱ ለእሷ ሲል ደብተሩን ገፋ አድርጎ ከሚያሳያት ነው።

ወደ ኦስትሪያ አገር የደን ትምህርት ሊማር የተላከ ዕለት ለግራዝማች እጅ ሊነሳ መጣ። ግራዝማች መረቁት። ጥሩአየሁ ከመጋረጃው አጠገብ ቆማ ነበር። ነመራ ቀና ብሎ አንዴ አያት፣ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ወጣ። ያች አንዲት እይታ ሁለት ዓመት አኖረቻት።

ደብዳቤዎቹም ነበሩ። ፖስታ ቤት የተቀጠረችው ለእነሱ ስትል ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ከከረጢቱ አውጥታ በቀጥታ ወደ ደረቷ ታስገባቸዋለች፤ በማንም እጅ አያልፉም። መጀመሪያ የጻፈላት ስለ በረዶው ነው። «እዚህ በረዶ እንደ እኛ አገር እንደ ጠጠር አይወግርም። ድምፅ የለውም። ጠዋት ስትነቂ ዓለም ሁሉ ዝም ብሎ ታገኚዋለሽ» አላት። ከዚያ ሰዎቹ ስኪ ስለሚሉት ረጅም የእንጨት ሸርተቴ ጻፈ፤ በሁለት እግር ታስሮ፣ ሁለት ዘንግ ተይዞ፣ ከተራራ አናት እንደ ንፋስ መውረድ ነው። «ከፍጥረት ሁሉ እኔ ብቻ አልችልበትም» ብሎ አሳቃት።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ሁለት ነገር በአንድ ደብዳቤ ጠየቃት። አንደኛው፣ «ትምህርቴን ስጨርስ ሽማግሌ ልላክ ወይ? አባትሽ ቢያባርሩኝም ከአንቺ አፍ እሺታውን ልስማ» የሚል ነው። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነበር። በልደት በዓላቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከኩማ ጋር ወደ በረዶ ተራራ ሊሄዱ አስበዋል። ኩማ የመቱው ነጋዴ የአቶ ጅራታ ልጅ፣ የሁለቱም የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ እዚያም አብሮት የሚማር ነው። «የት እንሂድ? አንድ ቀን አንቺንም ስለምወስድሽ አንቺ ምረጪ» አላት፤ የሦስት ቦታ ሥዕል ያለባቸው ካርዶችም ልኮ ነበር።

ጥሩአየሁ ካርዶቹን መሳቢያዋ ውስጥ ደርድራ ሰው ሲጠፋ ታያቸዋለች። ሆህብሩን የሚባለው ትልቁ ነው፤ ባቡሩ ደጃፉ ድረስ ይገባል፤ ሰውን ከሥር እስከ ጫፍ የሚያወጣ በሽቦ የተንጠለጠለ ወንበር አለው፤ ሜዳው ሰፊ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ባለ ሁለት ጉልላት፣ ድንጋይ። ኦበርታል ከሁሉ ከፍ ያለ ስለሆነ በረዶው ቶሎ ይመጣል፣ ዘግይቶ ይሄዳል፤ ነገር ግን በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በገደል አፋፍ መሄድ ነው፤ «ለጀማሪም አይሆንም» ብሏል። ሳንክት ሌዎ ደግሞ ሠላሳ ቤት የማትሞላ መንደር ናት። ወንበር የላትም፤ ገመድ ይዘው እየተጎተቱ ነው የሚወጡት። በረዶው ዘግይቶ ነው የሚጥልባት። የእንጨት ቤተ ክርስቲያኗን ጉልላት መብረቅ መትቶት ወደ ጎን ጠምሟል፤ ማንም አላቃናውም። ጥሩአየሁ ግማሽ ቀን በበቅሎ የሚያስኬደውን ኖፓን አይታው አታውቅም፤ እነዚህን ሦስት ቦታዎች ግን ዓይኗን ጨፍና ትሄድባቸዋለች።

የሚሻለው ሆህብሩን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ነመራም ልቡ ወደዚያው ነበር። ግን በደብዳቤው ግርጌ አንድ መስመር ጨምሯል፤ «ሆህብሩን የሄልጋ አገር ነው። እዚያ ከሄድን ሸርተቴውን ታውሰኛለች፣ አቋቋሙንም ራሷ ታስተምረኛለች።»

ሄልጋ ማን ናት? አልነገራትም። ጥሩአየሁም አልጠየቀችም፤ መጠየቁን ውርደት አደረገችው። ሦስት ቀን ምግብ አልወረደላትም። በአራተኛው ቀን፣ ኅዳር ሃያ ስምንት፣ ብዕር አንስታ ጻፈች፤ «ሳንክት ሌዎ ሂድ። ጸጥ ያለው ይሻልሃል። እኔም ማየት የምፈልገው እሱን ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄህ ደግሞ መልሴ እሺ ነው። አባቴ ቢያባርርህ ተከትዬህ እወጣለሁ።»

ስለ ሄልጋ አንድ ቃል አላነሳችም። ማኅተሙን በደብዳቤው ላይ ስታሳርፍ በልቧ ያለፈውን ደስታ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች፤ አንድ እጁ ፍቅር፣ አንድ እጁ ቅናት ነበር።

*

ታኅሣሥ ሃያ አምስት ቀን ጋሼ ማሙሽ ወረቀት ይዘው ከክፍላቸው ወጡ። «ልጄ፣ ጽሕፈትሽ ያምራልና ይችን ገልብጪልኝ። ለኖፓ ናት። መርዶ ናት» አሏት።

ገለበጠችው። «ለአቶ ደበሳ። ልጅዎ ነመራ ደበሳ ታኅሣሥ ፳ ቀን በኦስትሪያ አገር በተራራ ላይ በደረሰ የበረዶ ናዳ ሕይወቱ አልፏል። በዚያው ተቀብሯል። እግዚአብሔር ያጽናዎ።» አንድ ፊደል አልተዛነፈባትም። አጥፋ ለመልእክተኛው ሰጠች፣ የቀረውን ሥራዋን ሠራች፣ ቤቷ ገባች፣ ለአባቷ እግር ውሃ አቀረበች። ማልቀስ አልቻለችም። ማን ሞተብሽ ብትባል ምን ትላለች?

ግን አንድ ጥያቄ እንደ እሾህ ተሰካባት። በየትኛው ተራራ ላይ?

ደብዳቤዋ ደርሶት እንደሆነ፣ ወደ ሞቱ የላከችው እሷ ናት። ካልደረሰው ግን በራሱ ፈቃድ ሆህብሩን ሄዷል፤ እጇ ንጹሕ ነው። ቀኑን ትቆጥራለች፤ ኅዳር ሃያ ዘጠኝ አውሮፕላኑ በጉም ምክንያት አላረፈም፤ ከረጢቱ ቢያንስ አራት ቀን አድሯል፤ ከአዲስ አበባ አሥር ቀን፣ ዐሥራ ሁለት ቀን... እየቆጠረች ይነጋባታል። በቤተ ክርስቲያንም ስትሰግድ የምትለምነው የነፍሱን ዕረፍት ሳይሆን የደብዳቤውን መዘግየት ሆነ። እንዲህ ዓይነት ጸሎት ማን ጸልዮ ያውቃል?

የሞተውም ሰው በየከረጢቱ ይመጣል። በመጀመሪያው ደብዳቤ መልሷን እየጠበቀ እንደሆነ ነገራት። በሁለተኛው የጉዞውን ዕቅድ ዘረዘረ፤ ጠዋት በየትኛው ባቡር እንደሚሳፈሩ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ጫማው በሁለት ካልሲ ልክ እንደሆነለት። ሦስተኛው ጥር መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ የተጻፈው ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ቀን ነው። «ከነገ ወዲያ እንነሳለን። ኩማ ሆህብሩን ቦታ ይዟል። ነገ ግን አንዴ ፖስታ ቤት ሄጄ አያለሁ። ደብዳቤሽ ከመጣ ያልሽው ይሆናል» ይላል፤ በዚያ ያበቃል።

ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

መጋቢት ላይ በጎሬ ኃይለኛ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ሁሉ ጮኸ፤ ሰው በየደጃፉ ተጠለለ። ሲያባራ ሜዳው ነጥቶ ነበር። ጥሩአየሁ ወጣች፤ አጎንብሳ በሁለት እጇ አፈሰችና ጨብጣ ቆመች። መጀመሪያ አቃጠላት፣ ከዚያ አመማት፣ ከዚያ ጣቶቿን ማወቅ ተሳናት።

«ኧረ ልጄ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አሏት ጋሼ ማሙሽ ከበሩ ላይ።

«ምን ያህል ጊዜ ያማል ብዬ ነው» አለች።

እሳቸውም የዚያን ዕለት አንድ ነገር ሳይገባቸው አልቀረም፤ ምክንያቱም መልሰው አልጠየቋትም።

*

ኩማ ሚያዝያ ላይ ተመለሰ። ከስቶ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ለምሳ ሰው በወጣበት ሰዓት ፖስታ ቤት ገባ። ጥሩአየሁ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ጠየቀችው።

«ደብዳቤ ጽፌለት ነበር። ደርሶታል?»

ኩማ ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። «አልደረሰም» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንድ ክፍል ነው የምናድረው። ቢደርሰው አላውቅም ነበር? የሄድነውም ሆህብሩን ነው። የሆነውም እዚያ ነው።»

ጥሩአየሁ ጠረጴዛውን ያዘች። አራት ወር የተሸከመችው ነገር ከትከሻዋ ሲወርድ ተሰማት። «ሄልጋም... አብራችሁ ነበረች?»

«ሄልጋ?» ኩማ ግራ ገባው። «የቤት አከራያችን ናት እኮ። ስድሳ ዓመት አልፏታል። የሞተ ባሏን ሸርተቴ ልታውሰው ነበር። አንድ ልጅ በጦርነቱ ሞቶባታል፤ ነመራን ልጄ ነበር የምትለው።»

ጥሩአየሁ ፊቷን ሸፈነች። ኩማ ያለቀሰች መሰለው፤ አላለቀሰችም፤ አፍራ ነው። ሊወጣ ሲል፣ «ቅዳሜ ሣጥኑን ለወላጆቹ ልወስድ ነው። ኖፓ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ?» አላት።

«እሄዳለሁ።»

እፎይታው አንድ ሌሊት እንኳ አልቆየም። አልጋዋ ላይ ተጋድማ ሳለ ነገሩ ወለል ብሎ ታያት፤ ደብዳቤው ካልደረሰው እሺታዋም አልደረሰውም። የሞተው መልስ ሲጠብቅ ነው። ምናልባት በዚያ በመጨረሻው ሰዓት፣ «ዝም አለችኝ» ብሎ ነው። እጇ ንጹሕ ሆነ፤ ግን ባዶ ነው። ያን ያህል የለመነችውን ነገር እግዚአብሔር ሰጥቷት፣ አሁን መልስልኝ ልትለው ፈለገች።

*

ለአባቷ፣ «አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር፤ ልቅሶ ልድረስ» አለች። ግራዝማች ገብረ መድኅን ክፉ ሰው አልነበሩም። «ደግ ነው። ደበሳን በእኔ ስም አጽናኚው። ጥቂት ተቀምጠሽ ተመለሺ» አሏት።

ኖፓ በደረሱ ጊዜ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። የግራዝማች ልጅ መጣች ሲባል ሁሉም ተነሣ። እናትየው፣ እትዬ ዋሪቱ፣ ያለችውን አንዲት ወንበር በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ «ይቀመጡ እመቤቴ፣ እኛ ዘንድ ድረስ ደከሙ» አሏት። ሌላው ሰው ሰሌን ላይ ነው። ጥሩአየሁ ከሁሉም በላይ ከፍ ብላ፣ ከሁሉም ርቃ ተቀመጠች።

ኩማ ሣጥኑን ከፈተ። መጻሕፍት፣ ሁለት ሸሚዝ፣ የሱፍ ቆብ። አቶ ደበሳ ቆቡን አንስተው አገላብጠው አዩና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ኩማ የመቃብሩን ፎቶግራፍ አወጣ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እያንዳንዱ ሰው ሲደርሰው ዋይታው ይነሣል። በመጨረሻ እሷ ጋ ደረሰ።

የእንጨት መስቀል፣ ዙሪያው በረዶ። ከመስቀሉ ኋላ ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን። ጉልላቱ ወደ ጎን ጠምሟል።

ጥሩአየሁ ፎቶግራፉን ቀስ አድርጋ ለጎረቤቷ አቀበለች፣ ተነሥታም ወጣች። ከቤቱ ጀርባ እስከ ቡናው ተክል ድረስ ሄደች። ኩማ እያነከሰ ተከተላት።

«ያ ሆህብሩን አይደለም» አለችው ዞር ሳትል።

«ጥሩአየሁ፣ እባክሽ...»

«የሆህብሩን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ነው። ሁለት ጉልላት ነው ያለው። ቆመህ ብታየውም ከአንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ! ለምን ዋሸኸኝ?»

«እንድትኖሪ ብዬ ነው!» አለ ኩማ። «እኔ በሕይወት ወጥቼ እንኳ እንዴት እንደማድር አላውቅም። አንቺ ይኼን ተሸክመሽ እንዴት ትኖሪያለሽ ብዬ ነው። ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ጥሎ ነበር። ከላይ ያለው ጫካ ከነበረዶው ተናደ። ማንም አላሰበውም፤ የአገሩ ሰዎች እንኳ አላሰቡትም።»

«ደብዳቤዬ የታለ?»

ኩማ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ኤንቬሎፑ ውሃ ጠጥቶ ደርቋል፤ ቀለሙ ፈሷል። በጥሩአየሁ እጅ ስንት ሺሕ ደብዳቤ አልፏል፤ አንድ ጊዜ አይታ ገባት። ጫፉ በቢላዋ በጥንቃቄ ተቀዷል።

«አንብቦታል» አለች።

«ልንነሣ አንድ ቀን ሲቀረን ነው የደረሰው። ደረጃው ላይ ቆሞ አነበበው። ኮት ሳይለብስ ወደ መንገዱ ወጣ፣ በረዶው ላይ ተንከባለለ። ‹ቶሌ ጄቴ! እሺ አለች! ቶሌ ጄቴ!› እያለ ሲጮኽ የሰፈሩ ሰው በመስኮት ብቅ አለ። ሄልጋ ልጁ አብዷል ብላ ብርድ ልብስ ይዛ ሮጠች። ከናዳው ሲወጣ ደብዳቤሽን ደረቱ ላይ ነው ያገኘነው።»

ያን ጊዜ ጥሩአየሁ ደስ አላት። ልታቆመው አልቻለችም። አውቋል፤ እሺ እንዳልሁት አውቆ ነው የሄደው። በዚያው ትንፋሽ ደግሞ የላከችው እሷ መሆኗ ወደቀባት፤ ደስታውና ሰቆቃው እንደ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ክንዷን ያዟት። ፈራች። የገዛ ደስታዋን ፈራች።

«ማናት ቶሌ ያለችው?»

እትዬ ዋሪቱ ነበሩ። እንግዳቸው አሟት እንደሆነ ብለው ውሃ ይዘው ወጥተው ከቡናው መሐል ቆመዋል። ኩማ አፉን ሊከፍት ሲል ጥሩአየሁ ቀደመችው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ዋሪቱ። ላገባው እሺ ብዬው ነበር።» እዚያ ላይ ማቆም ስትችል አላቆመችም። «ወደዚያ ተራራ የላክሁትም እኔ ነኝ። እሱ ሌላ ጋ ሊሄድ ነበር። በማላውቃት ሴት ቀንቼ፣ እዚህ ሂድ ብዬ ጻፍሁለት። ደረሰው። ሄደ።»

ውሃው ከጣሳው ፈሰሰ። እትዬ ዋሪቱ አላዩትም። ዓይናቸው የግራዝማችን ልጅ ፊት ሲመረምር ቆየ፤ ጥሩአየሁም እርግማኑን ጠበቀች፤ ቢመጣ ባረፈች ነበር።

«ሲሰማ ጮኸ ነው ያልከው ኩማ?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎን እማ። እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።»

እትዬ ዋሪቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የጥሩአየሁን እጅ ያዙ፤ አያያዛቸው የሚያም ነበር። «ነይ ግቢ» አሏት። አንቺ ብለው።

ወንበሩ ጋ አልወሰዷትም። ከራሳቸው ጎን ሰሌኑ ላይ አስቀመጧት፤ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው አለበሷት። ሳይመሽ ወሬው ጎሬ እንደሚደርስ፣ አባቷ ምን እንደሚሉ፣ ጥሩአየሁ አውቃዋለች፤ ነገር ግን ሩቅ ቦታ እንዳለ ነገር ሆነባት።

«ልጄ ያለበትን አገር የሚነግረኝ ሰው አጥቻለሁ» አሉ እትዬ ዋሪቱ። «ኩማ ሲጀምር ያለቅሳል። አንቺ ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። በረዶው ድምፅ እንደሌለው፣ ባቡሩ በማለዳ እንደሚነሣ ነገረቻቸው። የሆህብሩንን ሰፊ ሜዳና በሽቦ የተንጠለጠለውን ወንበር ስትነግር አቶ ደበሳ ቀና አሉ። የኦበርታልን ገደል፣ አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ የሚወጣበትን መንገድ ነገረቻቸው። ሰዉ እየተጠጋ መጣ። ከዚያ ሠላሳ ቤት የማትሞላዋ መንደር ላይ ደረሰች፤ ስሟን ጠራች፤ እንባ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ፣ ድምፅ አውጥቶ መጣ። መቀጠል አልቻለችም።

እትዬ ዋሪቱ እስክትጨርስ ጠበቋት። አላባበሏትም። ይቅር ብያለሁም አላሉም። እጇን ግን እንዲያው አጥብቀው እንደያዙ ናቸው፤ ጥሩአየሁም ሕመሙ እንዲለቃት አልፈለገችም።

«ቀጥዪ» አሏት።